የዙቤይዳ ፊኛና የሊሙ መንገድ

ዙቤይዳ አንድ ጣሳ ቡና ሰፌዱ ላይ ታፈሳለች። በመዳፏ ትደለድለዋለች። ቀኝ እጇ ጥቁሩን፣ ግራዋ ነቀዝ የበላውን ይለቅማል፤ ስባሪው ለመጨረሻ ነው። ከዚያ ሰፌዱን አዘንብላ ጥሩውን ወደ ጆንያው ትገፋዋለች። ጅማ ውስጥ በአንድ የቡና መጋዘን አሥራ ዘጠኝ ዓመት የለቀሙ እጆች ናቸው፤ አይሳሳቱም። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን አንድ ሰፌድ ሳትጨርስ ትነሳለች። ሽንቷ ድንገት ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ፋታ አይሰጥም።

ልጇ ማሂራ ሊሙ ወልዳለች። ሕፃኑ አኒስ ወር ሞላው፤ አያቱ ገና አላየችውም። ስልክ በተደወለ ቁጥር "ጉልበቴን አሞኝ ነው" ትላለች።

"ሊሙ ሲባል የሚያምሽ ጉልበት፣ ሽንት ቤት ሲሆን እንዴት ነው የሚሮጠው?" አለቻት አጠገቧ የምትለቅመው ትርፌ።

ዙቤይዳ ሳቀች፤ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። "ሚኒባስ ውስጥ ቢያመልጠኝስ? ከጠዋት ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም። በቡና ብቻ ነው የምውለው።"

በማግስቱ ትርፌ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ጊፍቲ ሽንቷን አስመረመረች፤ ኢንፌክሽንም ስኳርም የለም።

"ፊኛዎ ሳይሞላ ነው ሞላሁ የሚለው" አለቻት። "ውሃ አይተዉ፤ ቡናውን ይቀንሱ።"

"ወይ ረቢ! ሳልጠጣ እንዲህ የሆንኩ፣ ጠጥቼማ ልጥለቀለቅ ነው?"

"ውሃ ሲያንስ ሽንቱ ይወፍርና ፊኛውን ይቆጠቁጠዋል፣ እናቴ። ሲመጣብዎ አይሩጡ። ይቀመጡ፤ ሽንት የሚይዙበትን ጡንቻ ጭብጥ ለቀቅ፣ ጭብጥ ለቀቅ ያድርጉ። ግፊቱ ሲበርድ በእርጋታ ይሂዱ። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያቆዩት። ጊዜ ይፈልጋል። ካልተሻለዎት ይመለሱ፤ መድኃኒትም አለ።"

ዙቤይዳ ደቂቃ አትቆጥርም፤ ሰፌድ ትቆጥራለች። መጀመሪያ ሩብ ሰፌድ ታገሰች፣ ከዚያ ግማሽ። በሦስተኛው ሳምንት አመለጣት። ቀሚሷን ስትቀይር ትርፌ በሩ ላይ ቆመችላት። "ነገ እንደገና" አለቻት። በስምንተኛው ሳምንት ሙሉ ሰፌድ ጨርሳ "አልሃምዱሊላህ!" ስትል ካቦው ደንግጦ ዞረ።

ቅዳሜ ሊሙ ሄደች። መንገዱ አጋማሽ ላይ ጭብጥ ለቀቁ አልበቃም። "ልጄ፣ አቁምልኝ" አለች ሹፌሩን፣ ድምፅዋ ሰልሎ። ከኋላ አንዱ "ኤጭ! ገና ተነስተን?" ብሎ አጉረመረመ። ሹፌሩ አቆመ። ወረደች፣ ተመለሰች፣ መኪናው ሄደ። በቃ፣ ይኸው ነበር ለሦስት ወር የፈራችው።

ማሂራ አኒስን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። አፍታም ሳይቆይ ቀሚሷ ላይ ሸናባት። "እኔን ነው የወጣኸው!" ብላ አንገቱ ስር ሳመችው።

አሁን እናንተን የምትለምነው አንድ ነገር አላት፦ ሚኒባስ ውስጥ አንዲት ሴት "አቁምልኝ" ስትል አታጉረምርሙባት። ድምፅዋ ካልተሰማ፣ እናንተ ጮክ ብላችሁ "አቁምላት!" በሉላት።