«ሰንበት አይባልም»

ጎንደር ውስጥ ማራኪ በሚባለው ሰፈር አንዲት ትንሽ የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ባለፈው ሳምንት ልጄ ማኅሌት ከቅርጫት ኳስ ልምምድ ስትመለስ አንድ ወረቀት አቀበለችኝና «አሠልጣኛችን አርባ ኮፒ አንሣልን ብሎሃል» አለችኝ። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ላስተኛ ስል ዐይኔ ከታችኛው መስመር ላይ ዐረፈ። «ማሳሰቢያ፦ በዚህ ሜዳ የልምምድ ቀን ሲነገር ቅዳሜ ወይም እሑድ ይባላል እንጂ ሰንበት አይባልም።»

«አባዬ፣ ምን ማለቱ ነው?» አለች ማኅሌት። «ለምን ስንለው ‹አባትሽን ጠይቂው› ብሎኝ ሳቀ።»

«እኔ ምን አውቄ!» አልኳት። አውቃለሁ እንጂ። ማሽኑ ያንኑ መስመር አርባ ጊዜ ሲተፋ እኔ ፊቴን ወደ መደርደሪያው አዞርኩ። ነገሩ ወደ ሠላሳ ዓመት ይጠጋዋል።

አሠልጣኙ አያናው ይባላል፤ ትክል ድንጋይ ከሚባል የገጠር አገር የመጣ የገበሬ ልጅ ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሊማር ጎንደር ሲመጣ የተከራያት ክፍል ከእኛ ቤት ጎን ነበረች። ኳስ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ ይህን እንኳ ማንም አይክደኝም። በመጀመሪያው ቀን ኳሷን የያዛት፣ ከሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ከወለቃ ማሰሮ ገዝቶ እንዳትሰበርበት እንደሚሳቀቅ ሰው ነበር። አነጣጠሩን፣ አዟዟሩን አሳየሁት። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ፤ ቁመት ባይሰጠኝም እጄ ፈጣን ነበር፤ በትምህርት ቤታችን ሜዳም የሚጠራው የእኔ ስም ነበር። በሁለት ዓመት ውስጥ ግን የሚጠራው የእሱ ሆነ። ኳሷን አመቻችቼ የማቀብለው እኔ፣ የሚጨበጨብለት እሱ። ቀናሁ። ሌላ ስም አላወጣለትም። እናቴ እራት ላይ «አያናው እንዴት ያለ ሸጋ ልጅ ነው!» ስትል እንኳ እንጀራውን ትቼ እነሣ ነበር።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለን፣ በወርኃ ጥር፣ የስፖርት መምህራችን ጠራኝ።

«ከአዲስ አበባ የአንድ ክለብ ሰው ይመጣል፤ አንድ ልጅ መርጦ ይወስዳል። ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ሜዳ ላይ ሁኑ። ለአያናውም ላክበት።»

አያናው በዕረፍታችን አባቱን ውድማ ላይ ሊያግዝ አገሩ ገብቶ ነበር። ያኔ ስልክ በየኪሱ የለም። ደብዳቤ ጽፌ ትክል ድንጋይ ለሚመላለስ የአይሱዙ ሾፌር መስጠት ነበረብኝ። ብዕር አነሣሁና «ቅ» ብዬ ጀመርኩ፤ እጄ ቆመ። የሚወሰደው አንድ ልጅ ብቻ ነው። «ቅ»ን ሰረዝኳትና «ለሰንበት ና፤ ሰው መጥቶ ያየናል» ብዬ ጨረስኩ።

እንግዲህ ውሸት አልጻፍኩም። በእኛ ቤት ቅዳሜም ሰንበት ናት፤ ቀዳሚት ሰንበት ትባላለች። አባቴ ቢይዘኝ እንኳ በግዕዝ የምከራከርበት አላጣም ነበር። የካህን ልጅ ኃጢአት ሲሠራም ጥቅስ አያጣም። ግን «ለሰንበት ና» የተባለ ሰው እሑድን እንደሚያስብ አሳምሬ አውቅ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። የጥር ፀሐይ የተሰነጣጠቀውን ሲሚንቶ ገና ሳታሞቀው እንደ አበደ ሰው ተጫወትኩ። የክለቡ ሰው ስሜን ጠይቆ ጻፈ። በልቤ አዲስ አበባ ገብቼ፣ መለያ ለብሼ ነበር። አራት ሰዓት ተኩል ላይ የግቢው በር ተከፈተና አያናው ገባ። ፀጉሩ ላይ ገለባ፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ፣ በእጁ ቋጠሮ።

«ምነው ልሳኑ! ዛሬ ነው እንዴ?» አለኝ፤ ስሜ ልሳነወርቅ ነው። «አባቴ በእሑድ መንገድ አትሄድም አለኝ። እናንተ ቤት አድሬ ለነገ እደርሳለሁ ብዬ ነው ዛሬ የመጣሁ። እንካ፣ ይኸን እናቴ ናት ለእናትህ የላከች።»

ቋጠሮው የሽምብራ ቆሎ ነበር። «አዎ፣ ዛሬ ነው» አልኩና ተቀበልኩት።

በዚያ የፕላስቲክ ጫማ እየተንሸራተተ ተጫወተ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም፣ የሰውየው ዐይን ከእሱ ላይ መነሣት ተወ። መጨረሻ ላይ ሁለት ልጆች ያዙት፤ እኔ ከቅርጫቱ ሥር ብቻዬን ቆሜአለሁ። አየኝ። ተጫዋች ጓደኛውን ከሚያይበት ረዘም አድርጎ አየኝና ኳሷን አቀበለኝ። ማንም ሳይነካኝ ሳትኳት። የተመረጠው እሱ ሆነ። ቆሎውን እናቴ ስትዘግንልኝ አሞኛል ብዬ ተኛሁ።

አያናው ለዓመታት በዋና ከተማው ተጫወተ፤ የብሔራዊ ቡድኑንም መለያ ለበሰ። ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ጣቢያ እለውጥ ነበር። ሰው ሲያወድሰው «ቁመት ነው እንጂ!» እላለሁ። ጉልበቱ ተጎድቶ መጫወት አቆመ ሲባል፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ቀለል አለኝ። እሱ ግን ተመልሶ መጣና ድንጋያማ ባዶ ቦታ ለምኖ ሜዳ ሠራ። እንደ እሱ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩትን፣ ከከተማውም ልጆች ጋር ሰብስቦ ያሠለጥናል። ደብተሩን ያላሳየ ኳስ አይነካም። እኔ አጥኚ ስላት የማትሰማኝ ልጄ ለእሱ ሌሊት ተነሥታ ታጠናለች። ይህም ያስቀናኛል።

አርባውን ኮፒ ራሴ ይዤለት ሄድኩ።

«አያናው፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«ደብዳቤህ ላይ ‹ቅ› እኮ ከስርዙ ሥር ትታያለች» አለኝ። «መጀመሪያ ስትጽፍ የተሳሳትህ መስሎኝ ነበር። ሜዳው ላይ ስደርስ ገባኝ።»

«ታዲያ ኳሷን ለምን አቀበልከኝ?»

«ብቻህን ቆመሃል። ብቻውን ለቆመ አቀብል ብለህ ያስተማርኸኝ አንተ አይደለህ?»

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት በቁመቱ የቀናሁበት ሰው፣ አሁን ደግሞ በልቡ አስቀናኝ።

ወረቀቶቹን ተቀበለኝና ወደ ልጆቹ ዞር አለ። «ኳስ ማንጠር አይሆንላቸውም። የእኔ ጉልበት እምቢ ብሏል። መጥተህ አታሳያቸውም?»

«መቼ ልምጣ?»

ጥርሱን ብልጭ አደረገና «ለሰንበት» አለኝ።

የትኛው ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። ቅዳሜ ሄድኩ። እሑድም ከቅዳሴ መልስ ሄድኩ።