የቆርቆሮው ቤት ዝናብ

ዲላ የማሠራት ቤት ጣሪያዋ አልቆ ኮርኒስ ላይ ደርሳለች። ባለፈው ሰሞን ኮርኒስ የሚሠራልኝ ሰው ከቆርቆሮው ሥር የሚነጠፍ ወፍራም ስፖንጅ ቆርጦ አምጥቶ በእጄ አስያዘኝ። የቀኑን ሐሩር ይከለክላል፣ የማታውን ሙቀት ይይዛል እያለ ብዙ አወራልኝ። መጨረሻ ላይ፣ በዚህ ትረታለች ብሎ መሰለኝ፣ «ዝናቡን ጭራሽ አይሰሙትም፣ እትዬ» አለኝ። ስፖንጁን ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ፕላስቲክ ፕላስቲክ ይላል። እኔን ግን የሸተተኝ ደረቅ የእንሰት ቅጠል ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ያደግኩት ከፍስሐ ገነት ወጣ ብሎ ባለ መንደር፣ በቀርከሃ ተሠርቶ ሳር በተከደነ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ገና በልጅነቴ ሞታለች፣ ታላቅ ወንድሜ ዲላ ጋራዥ ገብቷል። ቤት የቀረነው እኔና አባቴ፣ ከቀርከሃው ግርዶሽ ወዲያ ደግሞ ላማችን ነበርን። እሳቱ መሐል ላይ ነው። አባቴ ለማገዶ ብሎ ዛፍ አይነካም። ከቡናው ጥላ ዛፍ የወደቀ ጭራሮና ቡናው ሲገረዝ የተረፈው ግንድ ይበቃናል ይል ነበር፣ እውነትም ይበቃን ነበር። ሳሩ ሙቀት ይይዛል፣ ላሟም ትተነፍሳለች። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ አልዋሽህም፤ ደብተሬ ሁሉ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ግን ዝናብ ሲመጣ፣ እኛ አገር ደግሞ ዝናብ መምጣት አይሰለቸውም፣ ሳሩ ድምፁን ውጦ ያስቀረዋል፣ አባቴም ወሬውን ይጀምራል። ስለ ድሮ ሰዎች፣ በእግር ስለተሄደባቸው ገበያዎች፣ ስለ ጅብ። እኔም አላርፍም። ከዚያስ? ማን አለ? ለምን? እያልኩ መናገሪያ አሳጣዋለሁ።

ቡና ደህና ዋጋ ያወጣ ዓመት ወንድሜ ቆርቆሮ በመኪና አስጭኖ መጣ። «መንደሩ በሙሉ ቆርቆሮ ለብሶ እኛ ብቻ ሳር ቤት ውስጥ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለ። አባቴ ይቃወማል ብዬ ጠብቄ ነበር፣ ግን ብዙም አልተከራከረም። ያ ገረመኝ።

አዲሱ ቤት ለዓይን ያምር ነበር። ሲሚንቶ ወለል፣ ባለ መስታወት መስኮት፣ ገመዷ ረዝሞ ወደፈለጉበት የምትንጠለጠል የፀሐይ መብራት። እሳቱ ግን ግድግዳ ያጠቁራል ተብሎ ጓሮ ወደተሠራችው ማድቤት ተባረረ፣ ላሟም ተከተለችው። ቀን ቤቱ ይጋላል፣ ማታ ደግሞ ብርዱ ከሲሚንቶው ይነሣል። ብርድ ልብስ ደራርበን ከሰል በማንደጃ ማስገባት ጀመርን። ዛፍ የማይነካው አባቴ ከሰል ገዢ ሆነ።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ጣሪያው ላይ ጠጠር የሚደፉብን መሰለኝ። አባቴ ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፣ መልሶ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ በዝናብ አያወራም። ሳይዘንብም ወሬው እየነጠፈ ሄደ። ስጠይቀው ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል። ስለ ፈተና ስነግረው «አዎ፣ ላሟ ደህና ናት» ያለኝ ቀን አለ፤ አኩርፌ ወጣሁ። ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ሽማግሌዎች የሚሰበሰቡበት ሶንጎ መሄዱንም ተወ። ከአዲሱ ቤት የወደዳት አንዲት ነገር መብራቷ ነበረች፤ ሁልጊዜ ወደ ፊቴ ነው የሚያዞራት። ለጥናቴ አስቦ ይመስለኝ ነበር። ብቸኝነት ሰው ማጣት ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ከገዛ አባቴ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጬ እንዲያ ብቻዬን እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ጥፋተኛው ቆርቆሮው ነው ብዬ ደመደምኩ። የማዳበሪያ ጆንያ እየተረተርኩ ሰፋሁና እንደ ኮርኒስ ወጠርኩት፣ በላዩ ደግሞ ደረቅ የእንሰት ቅጠል እየጠቀጠቅኩ ሞላሁት። አባቴ ከሥር ቆሞ መሰላሉን ይይዝልኛል። «ተይው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ እኮ» ይለኛል። እኔ ግን ወሬውን ከጣሪያው ላስመልስ ቆርጬ ተነሥቻለሁ። ቤቱ ወዲያው የከብት ጋጣ የመሰለ ሞቅ ያለ ሽታ ሸተተ። ማታ ማታም ከሰሉ ቀረልን።

ከዚያ አንድ ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ጣሪያው አልጮኸም፤ ሹክሹክታ ብቻ። ደስታዬን ልነግርህ አልችልም። አባቴ በር ላይ ተቀምጦ ውጭውን ያያል፣ እኔ ከኋላው ቆሜያለሁ። «አባ፣ አሁን ይሰማል አይደል?» አልኩት። አልዞረም። ድምፄን ከፍ አድርጌ ደገምኩት። አሁንም ዓይኑ ውጭ ነው። ዞሬ ፊት ለፊቱ ስቆም ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ አየና ፈገግ አለ።

«ዝናቡ ነው ልጄ» አለኝ። «ቆርቆሮው አያሰማም።»

ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። የራሴን ትንፋሽ እሰማለሁ። የመብራቷ ነገር፣ የሶንጎው ነገር፣ የላሟ ነገር፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። «አዎ አባ፣ ቆርቆሮው ነው» አልኩት፣ ከንፈሬን አጉልቼ እያንቀሳቀስኩ። ለካ በቆርቆሮው ጩኸት ሥር ሁላችንም እኩል ደንቆሮ ስለነበርን፣ እሱ እዚያ ውስጥ ነበር ያረፈው።

ወንድሜ ለፋሲካ እንደሚመጣ ልኮብን ነበር። እሱ ደግሞ፣ «አባባ ከደከመ መሬቱን አከራይተን ዲላ እኔ ዘንድ ይቀመጣል» ማለት ካመጣ ቆይቷል። አባቴ ከቡናው ተነቅሎ ዲላ፣ ጋራዥ አጠገብ ወንድሜ በተከራያት ክፍል ውስጥ፣ በማይሰማው ከተማ። ወንድሜ አለመስማቱን ካወቀ ይዞት መሄዱ ነው። መሰላሉን አምጥቼ ቅጠሉን በሙሉ አወረድኩት። አባቴ ምነው ብሎ በእጁ ሲጠይቀኝ አይጥ ገባበት አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ፤ ቅጠሉን ተሸክሞ ላሟ ሥር አነጠፈላት።

ወንድሜ በመጣ ዕለት ዝናቡ እንደ ልማዱ መጣ፣ ቆርቆሮውም ጮኸ። ሦስታችንም ቆጮ እየበላን በእጅ መነጋገር ጀመርን። ወንድሜ የሆነ ነገር ይጮህብኛል፣ እኔ ምን? እላለሁ፣ ይስቃል። አባቴ እያየን ፊቱ በራ። ከዚያ እጁን ጠረገና፣ ልክ በሳር ቤቱ ዘመን እንደሚያደርገው ወደፊት ጎንበስ ብሎ ማውራት ጀመረ። የሚያቋርጠው፣ የሚጠይቀው የለም። ጣቱን ያነሣል፣ የሆነ ሰው አረማመድ ያሳያል፣ ይስቃል። እኛም ራሳችንን እንነቀንቃለን፣ እንስቃለን። ዝናቡ እስኪያባራ አወራ፣ ሲያባራ ዝም አለ።

ወንድሜ ዲላ ልውሰደው ሳይል ተመለሰ። አባቴም በቡናው መሐል እንደኖረ በሚቀጥለው ዓመት ሞተ።

ከሐዘኑ በኋላ ወንድሜን ያን ቀን አባባ ያወራልን ምን ነበር ብዬ ጠየቅኩት። እኔ መቼም ያንን ዝናብ አልፎ አንድ ቃል አልደረሰኝም። እሱ ግን አጠገቡ ነበር የተቀመጠው።

ግራ ገብቶት አየኝ። «አንቺ የሰማሽ መስሎኝ» አለ። «እኔ አንቺ ስትስቂ ነው የሳቅኩት።»

እኔ የሳቅኩት አባቴ ሲስቅ አይቼ ነበር።