የደፈንኳቸው አራት ቀዳዳዎች

ባለፈው ሚያዝያ ልጄ ሰናይትና ባሏ እዚሁ አሰላ የሚያሠሩትን ቤት ሊያሳዩኝ ወሰዱኝ። የድንጋይ መሠረቱ አልቋል፤ ወለሉ ጣውላ ነው የሚሆነው፤ ልጄ ብርድ ስለማትወድ ሲሚንቶ አልረግጥም ብላለች። መሠረቱ ላይ፣ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ጡብ የሚያህሉ ክፍተቶች እዚህም እዚያም ተትተዋል። ሰናይት ጎንበስ ብላ አየቻቸውና፣

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ምንድነው? አይጥ ልንቀልብ ነው እንዴ? ንፋሱስ?» አለች።

ግንበኛው ትሁት ልጅ ነው፤ ባለቤት ማስቀየም አይፈልግም። «ካልፈለጋችሁት አሁኑኑ ይደፈናል» ብሎ ድንጋይ አነሳ።

«አትንካው!»

እንደዚያ ጮኼ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ልጁ ድንጋዩን እንደያዘ ቀረ፤ መንገድ ላይ ጋሪ የሚነዳ ሰውዬ ሳይቀር ፈረሱን ገትቶ አየኝ። ሰናይት «እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። ጡረታ የወጣች ሴት ስትጮህ ደም ብዛት ነው ተብሎ ይታለፋል፤ እኔም በዚያው አለፍኩ።

ተወልጄ ያደግኩት ድሬዳዋ ነው፤ ሰው ጥላ ለጥላ የሚሄድበት አገር። በሃያ ሁለት ዓመቴ መምህርት ሆኜ አሰላ ተመደብኩ። ከአውቶቡስ ስወርድ ከጭላሎ ተራራ የሚመጣው ንፋስ ጆሮዬን ቆንጥጦ ተቀበለኝ። የመጀመሪያውን ወር ካልሲ በካልሲ ላይ ደርቤ ነው ያስተማርኩት፤ ተማሪዎቼ እንኳ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ፤ ልክ ነበሩ።

የተከራየሁት ከአባባ ቱፋ ቤት አንዷን ክፍል ነው። አባባ ቱፋ አናጢ ነበሩ፤ የከተማው ግማሽ በርና መስኮት በእጃቸው ያለፈ። ቤታቸውንም ራሳቸው ናቸው የሠሩት። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርገው፣ በላዩ የባሕር ዛፍ ሞራሌ አጋድመው፣ በሞራሌው ላይ ጣውላ መትተውበታል። ከወለሉ ሥር ሰው በእንብርክኩ የሚሄድበት ባዶ ቦታ አለ። መሠረቱ በጭላሎ በኩል አራት፣ በመንገዱ በኩል ደግሞ አራት ቀዳዳ ነበረው። አባባ ቱፋ «መተንፈሻ» ይሏቸዋል። በየዓመቱ ግንቦት ሲጋመስ፣ ዝናቡ ሳይጠና፣ ባትሪ ይዘው ከሥር ይገቡና እያንዳንዱን ሞራሌ በመዶሻ ያንኳኳሉ። በድምፁ ብቻ ደህናውን ከታመመው ይለያሉ። ከዚያ ወጥተው ቤቱን ይዞሩና የውኃ መውረጃውን ቦይ ይጠርጋሉ።

«ኢንተላ ኮ» ይሉኝ ነበር፣ ልጄ ማለታቸው ነው፣ «ሰው ቤት ሲያይ ጣሪያውን ነው የሚያየው። ከመሬት ግን ውኃ ይወጣል። በጋም ይወጣል። አታዪውም እንጂ ይወጣል። ንፋስ ከሥር ከሥሩ ካልወሰደው እንጨቱ ይጠጣዋል።»

«አባባ፣ ንፋሱ እንጨቱን ትቶ እኔን ነው የሚወስደኝ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ጥርሳቸው ከፊት ሁለቱ የሉም፤ ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ይከድናሉ።

ባለቤታቸው እማማ አስካለ ደግሞ ብርዴን የሚያክሙት በምግብ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጭኮ ይዘውልኝ ይመጣሉ። የተቆላ ገብስ ዱቄት፣ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ፣ ቅመሙ አፍንጫ የሚነካ። በር ላይ ቆመው እስክቀምስ ይጠብቃሉ። «ብይ፣ አጥንትሽ ይሙቅ» ይላሉ። አንድ ልጅ ነበራቸው፣ ግርማ፤ እኩያዬ ነው፤ ከአባቱ ጋር እንጨት ይልጋል፤ ኳስ ያለ ዕለት ግን መላጊያውን ጥሎ ይጠፋል።

በሁለተኛው ዓመቴ ኅዳር ላይ ብርዱ ጠናብኝ። ንፋሱ በጣውላው ስንጥቅ እየገባ የአልጋዬን አንሶላ ከሥር ያነሳው ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ሁሉም ገበያ ወጡ። ከድሬ ያመጣሁትን ቀይ የናይለን ሹራብ፣ ክርኑ የተቀደደውን፣ አራት ቦታ ቆራረጥኩት። ቁራጮቹን በጭቃ ለውሼ በእኔ ክፍል በኩል ያሉትን አራቱንም መተንፈሻ ጥርቅም አድርጌ ደፈንኩ። ከፊታቸው ጌሾ ስለተተከለ አይታይም። ምን ነክቶኝ ነው! የሳይንስ አስተማሪ ነኝ እኮ። በዚያው ሳምንት ለስድስተኛ ክፍል ስለ ትነት አስተምሬ፣ ውኃ ከመሬት ወደ ላይ ሲወጣ የሚያሳይ ቀስት በጠመኔ ስያለሁ። ቤት መጥቼ ግን እግሬ ሞቀ ብዬ ደስ አለኝ።

ያ ብቻ ቢሆን። ክረምት ሲገባ ጭቃውን ላለመርገጥ ብዬ የልብስ እጣቢዬን ከበሬ ሳልርቅ ግድግዳው ሥር እደፋ ጀመር።

ሁለት ክረምት አለፈ። አባባ ቱፋን ቁርጥማት ጉልበታቸውን ስለያዛቸው ሁለቱንም ግንቦት ከሥር የሚገባው ግርማ ነበር፤ ማለቴ፣ እንዲገባ የታዘዘው። «አየኸው?» ሲሉት «አይቻለሁ አባባ፣ ክፍት ናቸው፣ እንጨቱም ደህና ነው» ይላል። ጫማው ላይ የሜዳ ጭቃ እያየሁ ሰምቼዋለሁ። ኳስ ሲጫወት ነው የዋለው። እኔም እሰይ አልኩ፤ ውሸቱ ለእኔም ይበጀኝ ነበር።

ምልክቱ መች ጠፋ? አልጋ ሥር ያስቀመጥኩት ጫማ ነጭ ሻጋታ አወጣ። ደብተሮቼ እርስ በርስ ተጣበቁ። የክፍሌ በር አብጦ በትከሻ ካልተገፋ አይከፈትም። ክፍሌ ስገባ ብዙ ጊዜ ያልተከፈተ ጉድጓድ ጉድጓድ ይሸታል። አባባ ቱፋ ራሳቸው አንድ ቀን በሬ ላይ ቆመው አፍንጫቸውን ነፋ ነፋ አደረጉና «ምንድነው የሚሸተው?» አሉ። «ዝናቡ ነዋ አባባ» አልኳቸው። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ጠርቷል። ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእማማ አስካለን ኮቴ ሰማሁ፤ ጭኮ ይዘው እየመጡ ነው። በሩን ልከፍት ስነሳ ከበሬ ወዲያ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት ሲሰበር እንደሚለው ቋ አላለም፣ እርጥብ ነገር ሲፈርስ የሚሰማ ድምፅ ነው። ስከፍት እማማ አስካለ ከበሬ ፊት ባለው የበረንዳ ወለል ውስጥ እስከ ወገባቸው ገብተዋል። ሳህኑን በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይዘውታል። ጭኮው አልተደፋም። «ያዢው፣ ያዢው እንዳይደፋ» አሉኝ። ከዚያ ነው የጮሁት። የዳሌ አጥንታቸው ተሰብሮ ነበር።

ሐኪም ቤት ወስደናቸው ስንመለስ ጎረቤት ተሰብስቦ ጣውላውን እያነሳ ነው። ሞራሌው በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ዳቦ ይፈረፈራል። ግርማ ባትሪ ይዞ ከሥር ገባ፤ ብዙ ቆየ። ሲወጣ እስከ ክርኑ ጭቃ ነው፤ በአንድ እጁ የብስባሽ እንጨት ጆንያ ይጎትታል። ከጆንያው አፍ ቀይ ክር ተንጠልጥሏል። አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ ጫማዬን ማየት ጀመርኩ።

አባባ ቱፋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይጠብቁ ነበር። «መተንፈሻዎቹስ?» አሉ።

«አራቱ ተደፍነዋል።»

«ምን ደፈናቸው?»

ግርማ ዝም አለ። እኔ እንድናገር ነው ዝም ያለው፤ ያኔም ገብቶኛል፣ ዛሬም ይገባኛል። ቢቆይ ቢቆይ ከእኔ ምንም ሲጠፋ፣ «አፈርና ቅጠል ነው፣ ጎርፍ ያመጣው» አለ።

«አይቻለሁ ብለኸኝ አልነበረም? ሁለት ዓመት!»

«ዋሽቼዎት ነው አባባ። አንድም ቀን አልገባሁም።»

እኚያ ሲስቁ አፋቸውን የሚከድኑ ሰውዬ ከበርጩማቸው ተነሱ። «እናትህን ሰበርክ» አሉት። «ሂድ። ከዓይኔ ጥፋ። እኔ እስክጠራህ ይህን ደጅ እንዳትረግጥ።» ግርማ ጆንያውን ወስዶ ደጅ አቃጠለው። ናይለን ሲቃጠል የሚሸተው ሽታ ግቢውን ሞላው፤ ማንም ምንድነው አላለም። በነጋታው ወደ አርቦዬ መሄዱን ሰማን።

እማማ አስካለ አልጋ ላይ ቀሩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው እቀመጥ ነበር፤ ገላቸውን አጥባለሁ፣ አጥሚት አጠጣለሁ። ጎረቤቱ ሁሉ መረቀኝ። «ከልጅ በላይ» ይለኛል። እኔም አሜን እላለሁ።

ከጥር በኋላ አቅማቸው እየደከመ ሲሄድ፣ «ደብዳቤ ጻፊልኝ» አሉኝ፣ «እናትህ ዓይንህን ሳታይ ልትሞት ነው በይልኝ።» ጻፍኩ። ያሉትን ብቻ ጻፍኩ። በሳምንቱ ከአርቦዬ በመጣ ነጋዴ እጅ መልስ ደረሰኝ፤ የተላከው በእኔ ስም ነው፤ ከደብተር የተቀደደች ቁራጭ ወረቀት። «አባባ ራሳቸው ካልጠሩኝ አልመጣም። ለምን እንደማይጠሩኝ አንቺ ታውቂያለሽ።»

እማማ አስካለ ፊቴን እያዩ «ምን አለ?» አሉኝ።

«ሥራ በዝቶበት ነው፤ ይመጣል» አልኳቸው።

በማግስቱ፣ እሑድ ከሰዓት፣ ቆረጥኩ። የፈለገው ይምጣ ብዬ አባባ ቱፋ ወደሚሠሩበት ጓሮ ሄድኩ። በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበርክከው፣ የበሰበሰውን ወለል የሚተካ ሞራሌ ይልጋሉ። አራቱን መተንፈሻ በወንፊት ሽቦ ሸፍነዋቸዋል። ሲያዩኝ መላጊያውን አስቀመጡ።

«ነይ ኢንተላ ኮ፣ ተቀመጪ» አሉኝ። «አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር? የወለድኩት እናቱን ጥሎ ሄደ፤ ያልወለድኩት ታጥብልኛለች። እግዚአብሔር ያውቃል፣ አንቺ ነሽ ልጄ።»

«አባባ…» አልኩ።

«ወዬ ልጄ።»

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ያን ዓይን እያየሁ ሹራቡን፣ ጌሾውን፣ ያንን ቀን ጠዋት ልናገር? አቃተኝ። አቃተኝ ማለት እንኳ ማሳመር ነው፤ ልጄ መባሉ ጣመኝ። አገሬ ሩቅ ነው፣ እናቴ ሩቅ ናት፤ ያቺን ቃል ማጣት ፈራሁ።

«…ሚስማር ላቀብልዎት?» አልኳቸው።

እስኪመሽ ድረስ ሚስማር ሳቀብል ዋልኩ።

እማማ አስካለ ግንቦት ላይ አረፉ። በመጨረሻዋ ሳምንት ደጅ ኮቴ በተሰማ ቁጥር አንገታቸውን ከትራሱ ቀና ያደርጉ ነበር። ግርማ ለቀብሩ ደረሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ፣ ዝናብ እየመታው ቆመ፤ አባቱ አልጠሩትም፣ እሱም አልገባም። ሰዉ ሲበተን በአጠገቡ አለፍኩ። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድበኝ ደስ ባለኝ።

«ጭኮውን በላሽው?» ብቻ አለኝ።

ያ ሰኔ ሳይገባ ሌላ ቤት ተከራየሁ። አባባ ቱፋ ስወጣ በእጃቸው የሠሩትን የጥድ በርጩማ ሰጡኝ። እሳቸውም ብዙ አልቆዩ፤ ልጃቸውን ሳይጠሩ ሞቱ። ቤቱ ተሽጦ፣ ፈርሶ፣ ዛሬ በቦታው ፎቅ አለ። በርጩማው ቤቴ ነው፤ አልቀመጥበትም።

ለዚህ ነው እንግዲህ ያን ቀን ግንበኛው ላይ የጮህኩት። ጮኼም አልቀረሁ፤ ነጠላዬን ወገቤ ላይ ቋጥሬ መሠረቱን ዞርኩ። ቀዳዳዎቹ ወንፊት ሽቦ ይደረግላቸው፣ አይጥ እንዳይገባ አልኩ። ቦዩ ከግድግዳው ራቅ ይበል፤ ከበር ሥር ውኃ እንዳይደፋ፤ ግንቦት ግንቦት ሰው ከሥር ይግባ፣ ገብቻለሁ የሚል ሳይሆን የሚገባ። አማቼ በስልኩ ይጽፍ ነበር። ግንበኛው «እማማ፣ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ» አለኝ።

መኪና ውስጥ ሰናይት ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ «እማዬ፣ ይሄን ሁሉ ማን አስተማረሽ?» አለችኝ።

«የድሮ አከራዬ። አናጢ ነበሩ። ልጃቸውም አናጢ ነው።»

«ውይ፣ ልጃቸው አለ? በርና መስኮቱን እሱ ይሥራልን! የት ነው ያለው?»

«አላውቅም» አልኳት።

ሁሩታ ነው ያለው። ከገበያው አለፍ ብሎ የእንጨት ሥራ ቤት እንደከፈተ ከሰማሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። ከአሰላ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይፈጅም።