ቅቤ የቀባሁት የፈረንጅ ዋሽንት

የረጠበ የፍየል ቆዳ በሸተተኝ ቁጥር የአንኮበሩ ቤታችን ሰዎች በየተራ ይመጡብኛል። አባቴ ደብተራ ወልደ ሐና ብራና ፋቂ ነበር፣ ከወሬ ሥራ የሚወድ ሰው። እናቴ ብርቅነሽ ቆዳውን እየነከረች ታግዘው ነበር። ወንድሟ ጥላዬ በአገሩ ገዥ፣ በጌታችን ግቢ እምቢልታ ነፊ ነበር፤ ጠጅም ቀልድም አያልፈውም። እኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

በዚያ ክረምት አንድ እንግዳ ፈረንጅ ለጌታችን ጥቁር የእንጨት መሣሪያ ሰጥቶ ሄደ። ስሙ ክላርኔት መሆኑን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ የፈረንጅ ዋሽንት እንለው ነበር። ጥላዬ ፈረንጁ አጠገብ እየተቀመጠ አነፋፉን ተምሮ ስለ ነበር ጌታችን ለእሱ ሰጡትና «ለመስቀል በእንግዶቼ ፊት ካላሰማኸኝ ግቢዬን ለቀህ ትሄዳለህ» አሉት። መሣሪያው ቀዳዳዎቹን የሚገጥሙ የናስ ክዳኖች ነበሩት፣ ከእያንዳንዱ ክዳን ሥርም ትንሽ የቆዳ ትራስ ነበረች። የአንኮበር ጉም ሐምሌን ሙሉ አልገለጥ ሲል ትራሶቹ ቀዳዳው ላይ እየተጣበቁ አንነሳም አሉ።

«ቆዳ ነው ብዬ አንተ ዘንድ መጣሁ፣ ደብተራ» አለ ጥላዬ። «ይሄ ፈረንጅ ብርዱን ፈርቶ አፉን ገጠመ።»

አባቴ አንዱን ክዳን በጥፍሩ አንሥቶ ትራሷን በጣቱ ነካና ቀመሰው። «ብርድ አትበለኝ! ጠጅ ጠጥተህ ስትነፋበት ማሩ በትንፋሽህ ወርዶ ነው የያዘው።»

«ታዲያ ብቻዬን ልጠጣ? እሱም እንግዳ ነው እኮ!»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በየቀኑ አንዷን ትራስ በጥቂቱ በረጠበ ጥጥ ይጠርግና ስስ የብራና ቁራጭ ከሥሯ አግብቶ፣ ክዳኑን በቀስታ ጫን አድርጎ፣ እርጥበቱን እስኪመጥ ይጠብቅ ነበር። መስከረም ሲጠባ ብዙዎቹ ተላቀቁ፣ ሁለቱ ግን አሁንም ያስቸግሩ ነበር። ሥራው ዘገየብኝ። በቤታችን ጠፍር ሲደርቅ በቅቤ ይታሽ ስለ ነበር ቅቤ ቆዳን እንደሚያለሰልስ አውቃለሁ። በደመራ ዕለት፣ አባቴ ቤተ ክርስቲያን ሳለ፣ ልርዳው ብዬ ትራሶቹን ሁሉ ቅቤ ቀባኋቸው፤ እንደ ልባቸው ብድግ ብድግ ሲሉ ደስ አለኝ።

በማግስቱ፣ በመስቀል ማለዳ፣ ብርዱ ቅቤውን አረጋው። ጥላዬ በእንግዶቹ ፊት ቆሞ ሲነፋ አንዱ ክዳን አልነሣ፣ ሌላው አልገጥም ብሎት፣ ድምፁ እንደ ታነቀ ፍየል ሆነ። «ይቺ ፍየል የማን ናት? ባለቤቷ ይውሰዳት!» ብሎ አንዱ እንግዳ ሁሉንም አሳቀ።

ጌታችን ግን አልሳቁም። «ማን ነው የነካው?» አሉ።

አባቴ ከእኔ ጋር ከቆመበት ወጣ ብሎ ክዳኑን አነሣና ጣቱን አሸተተ፣ ከዚያም ቀና ብሎ እኔን አየኝ። «እኔ ነኝ ጌታዬ፤ ቅቤ የቀባሁት እኔ ነኝ» አለ።

ይህ ሰው በአንዲት ትንሽ ውሸት በርበሬ ያጠነኝ ሰው ነው። ዋሸ ልበል ወይስ አዳነኝ ልበል፣ ግራ ገባኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ዱላ ስጠብቅ እጁን አላነሣብኝም፤ በሁለተኛውም ቀን፣ በሦስተኛውም። ባይመታኝ ደስ ይለኝ ይመስለኝ ነበር፣ እሱም አልሆነም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ የአራት ልጆች አባት ነኝ። ውሸትን አጥብቄ እቀጣለሁ፣ መቅጣቴም ልክ ይመስለኛል። ነገር ግን ልጆቼ ሲያጠፉ ከእኔ ይሸሻሉ፣ እኔ ደግሞ ከዚያ መስቀል በኋላ ከአባቴ ጎን ርቄ አላውቅም፤ ከሁለታችን የተሻለ ያሳደገው ማን እንደ ሆነ መፍረድ አቅቶኛል። ያኔ ጥላዬ ከግቢ ተባርሮ ለሚ በሚባል አገር ወዳለው የአባቱ እርሻ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ምንም ሲነፋ አልሰማሁትም። አባቴም አንድ ዳዊት የሚጻፍበት ብራና ያለ ዋጋ እንዲያወጣ ተፈረደበትና እስከ ፋሲካ ሲፍቅ ከረመ። እኔ «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ፤ አባቴ እስኪያርፍ ድረስ አላልኩም።