ዋስ ያጣው «እንደምን አደራችሁ»

ጋሽ ኡመር ከጊዮርጊስ ዝቅ ብላ ባለች ጠባብ ሱቃቸው ቦርሳና ሻንጣ እየጠገኑ ዕድሜያቸውን የገፉ ሰው ናቸው። ፈሪ ናቸው፤ ምን እደብቃለሁ! ውሻ ይፈራሉ፣ ሊፍት ይፈራሉ፣ ማኅተም ያረፈበት ወረቀትማ ከሩቁ ይሸሻሉ። ታማኝነታቸውን ግን ማንም አይጠረጥርም። ሰፈሩ ሳይነሳ በፊት ጎረቤት ሁሉ የቤቱን ቁልፍ እሳቸው ጋ ጥሎ ነበር የሚሄደው። በኋላ ሰዉ በየኮንዶሚኒየሙ ሲበተን የሰፈሩ ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱና፣ አድሚን ማን ይሁን ሲባል ሁሉም ባንድ አፍ ቁልፍ ያዡን መረጠ።

ግሩፑ ሰፈሩ ራሱ ነበር። ለቅሶ ይነገርበታል፣ ሠርግ ይጠራበታል፣ የታመመ ይጠየቅበታል። እትዬ የሺዓለም በየማለዳው ከጽጌረዳ ሥዕል ጋር «እንደምን አደራችሁ» ይሉና ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያሙ ይውላሉ። የታክሲ ሹፌሩ ሃፍቶም ደግሞ በኳስ የተነሳ ያገኘውን ሁሉ ይሰድባል። ጋሽ ኡመር አንድም ቃል ጽፈው አያውቁም። ሱቃቸውን ዘግተው ሲገቡ መነጽራቸውን ያደርጉና እያነበቡ ብቻቸውን ይስቃሉ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ በዚያ ቤት ሌላ ጨዋታ የለም።

አንድ ቀን ጠበቃው ኢዩኤል ዚፑ የተበላሸ ቦርሳ ይዞ መጣ። ቦርሳው እስኪሰፋ ቆሞ በስልክ ሲያወራ፣ አዲስ ረቂቅ ሕግ እንዳለና ከጸደቀ ግሩፕ የሚያስተዳድር ሰው ሌላው በጻፈው ሊጠየቅ እንደሚችል ለሚያነጋግረው ሰው ነገረው። የቀረውን ጋሽ ኡመር አልሰሙም፤ መርፌው አውራ ጣታቸው ውስጥ ገብቷል። በሃፍቶም አፍ እኔ ልታሰር ነው ብለው ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰሉ ዋሉ።

ሲያስቡ ሲያስቡ ያባቶች ብልሃት ትዝ አላቸው። ሰው ሥራ ሲገባ ዋስ ይጠራ የለ? ታዲያ ቃልስ ምን ይለየዋል? ወዲያው ለግሩፑ ሕግ አወጡ፤ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ከሥሩ «እኔ ዋስ ነኝ» ብሎ ያልጻፈለት መልእክት ይጠፋል።

በማግስቱ የእትዬ የሺዓለም «እንደምን አደራችሁ» ዋስ አጣ፤ ጋሽ ኡመር አጠፉት። እትዬ የሺዓለም ሃፍቶምን ዋስ ሁነኝ ብለው ቢለምኑት፣ ከልባቸው ይሁን አይሁን በምን አውቄ ብሎ እምቢ አለ። እሳቸውም ብድራቸውን አላስቀሩም፤ አርሰናል ማሸነፉን ሊጽፍ ዋስ ሲለምናቸው ጨዋታውን አላየሁም አሉት። የድሮ ጎረቤታቸው አብዱልሰላም የልጁን ሠርግ ሊጠራ ቢል፣ ዋስ እንዲሆኑት የጠየቃቸው ሰዎች መጀመሪያ ሙሽራውን እንየው አሉ። ጉድ ነው መቼም! ይኸው ግሩፑ ጭጭ አለ።

ጋሽ ኡመር መጀመሪያ አልሐምዱሊላህ ብለው ተኙ። ዝምታው ሲሰነብት ግን ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው አጥፍተው አበሩት። ደህና ነበር።

ክረምቱ ሲከርር ኃይለኛ ጉንፋን ጣላቸው። ሱቅ መክፈት አቃታቸው፤ ውሃ የሚያቀብላቸውም አልነበረም። ስልካቸውን አንስተው በግሩፑ ከሕጉ ሌላ የመጀመሪያ ቃላቸውን ጻፉ፤ «አሞኛል።» ጽፈው ሲያበቁ ዋስ እንደሌላቸው ትዝ አላቸው። ጎረቤቱ ሁሉ አነበበ፤ ማንም አልመለሰም። ደግሞስ ማን ይድፈር? ትኩሳታቸውን የለካ የለ። ጋሽ ኡመር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ከሕመሙ ይልቅ ብቸኝነቱ ጠናባቸውና እንባቸው መጣ።

ስልኩ ጮኸ። እትዬ የሺዓለም በግሩፑ ጽፈዋል።

«እኔ ዋስ ነኝ። ኡመር በእርግጥ ታሟል። ጤነኛ ሰው እንዲህ ያለ ሕግ አያወጣም።»

ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሞላ። ሃፍቶም በታክሲው ሰው አጭቆ አመጣ፤ እትዬ የሺዓለም ሾርባ ይዘው ደረሱ፤ አብዱልሰላም ሙሽራውን ጭምር አስከትሎ መጣና ይኸው እዩት አለ። ኢዩኤልም ወሬውን ሰምቶ መጥቶ ኖሮ፣ ጋሽ ኡመር የፈሩትን ሲነግሩት ሕጉ ገና ረቂቅ መሆኑን አስረዳ። ቢጸድቅም እንኳ የሚጠየቀው፣ ክፉ ጽሑፍ አለ ተብሎ ተነግሮት ሳያጠፋ ዝም ያለ አድሚን ነው። ሰዉ ሳቀ። ጋሽ ኡመር ግን አልሳቁም፤ ትራሳቸውን ተደግፈው ቀና አሉ።

«ቢወስዱኝስ?» አሉ ቀስ ብለው። «ለኔ ማን ዋስ ይሆነኛል?»

ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ስልኩን ይነካካል። እትዬ የሺዓለም እንኳ ሾርባውን አስቀምጠው መነጽራቸውን ፈለጉ። ወዲያው የጋሽ ኡመር ስልክ መጮህ ጀመረ። እኔ ዋስ ነኝ ይላል አንዱ፤ እኔም ይላል ሌላው። ቤቱ ውስጥ ያሉትም፣ መምጣት ያልቻሉትም ጻፉ። ሃፍቶም ከሥሩ አንድ ስድብ አከለበት።

ጋሽ ኡመር ስድቡን ሁለቴ አነበቡት። አላጠፉትም።