በግንቤ ላይ የተሻገረው ወተት

በልጅነቴ ከሱሉልታ ተነሥቼ፣ እንጦጦን በእግሬ እየተሻገርሁ ተምሬአለሁ። መልስ የሳትሁ ዕለት ጠጠር ላይ ተንበርክኬአለሁ። ሠላሳ አምስት ዓመት የጠመኔ ብናኝ ውጬአለሁ። በዚህ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ግርግር ታክሲ ሲጠፋም፣ በዚህ ዕድሜዬ ከቡራዩ ዳር እስከ ትምህርት ቤታችን በእግሬ ተመላልሻለሁ። በአንዱም አላማረርሁም።

ትናንት ጠዋት ግን አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ በአደባባይ አረመችኝ... እስካሁንም እየሳቅሁ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መምህርት ሄለን፣ የራሴው ተማሪ የነበረችው፣ የአሥረኛ ክፍል ልጆቿን ድርሰት የምታስተምረው በብሎግ ነው። ተማሪው ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋል፤ ሌሎቹ ከሥሩ አስተያየት ይሰጡበታል። እኔ ይህን ድርሰት ብዬ አልጠራውም ነበር። ድርሰት በወረቀት ይጻፋል፣ በቀይ ይታረማል፣ ማርክ ይሰጠዋል። አበቃ።

ባለፈው ሳምንት ርእሰ መምህራችን ቢሮው አስጠራኝና በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ ጊዜውን ያዩታል። ልጆቹ የሚጽፉት ነገር ነገ ሌላ ትርጉም ቢሰጠውስ? እርስዎ ያንብቡና ይወስኑልኝ። ዝጋው ካሉኝ ዛሬውኑ እዘጋዋለሁ።»

ሳላነብም ወስኜ ነበር... ሥርዓት ነውና ግን አነባለሁ አልሁት።

ሄለን ወሬው ደርሷት ኮሪደሩ ላይ ጠበቀችኝ።

«ጋሼ፣ አደራዎን። ልጆቹ ለማርክ ሳይሆን ለመነበብ ሲጽፉ ገና አሁን ማየቴ ነው።»

«እናንተስ ሳትነበቡ ነው የተማራችሁት?»

«የእኔን ድርሰት ከእርስዎ በቀር ማን አነበበው? ስድስት ከአሥር ሰጡኝ፤ ከዚያ ወረቀቱ የት እንደገባ እንኳ አላውቅም።»

የት እንደገባ እኔ አውቃለሁ። ከአልጋዬ ሥር ባለው የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ ነው። ከየዓመቱ ተማሪ ደህና ደህናውን ድርሰት እያስቀረሁ ሳከማች ኖሬአለሁ። ለባለቤቶቹ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ አላልሁም፤ ምስጋና ተማሪን ያበላሻል እየተባልሁ ነው ያደግሁት።

የስልክ ኢንተርኔት ከተቋረጠ ሰንብቶ ስለነበር ኮምፒውተር ክፍል ገብቼ ማንበብ ጀመርሁ። ቦንቱ የምትባል ተማሪ ጽሑፍ ላይ ስደርስ ቆምሁ። እኔ የማስተምረው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ነውና አላውቃትም።

አያቷ ገበሬ ናቸው። አዳዲሶቹ ቤቶች እርሻቸው ድንበር ድረስ መጥተዋል። መንገድ ተዘግቶ ሱቅ ባልተከፈተበት በዚያ ሳምንት አያቷ በየማለዳው አንድ ጀሪካን ወተት በገመድ አስረው፣ ጠርሙስ ስባሪ በተተከለበት በጎረቤት ግንብ ላይ ያሻግራሉ። ስባሪው ገመዱን እንዳይበጥሰው ጆንያ ያነጥፉበታል። ከግንቡ ማዶ ያሉት እናትም ባዶውን ጀሪካን ከጨውና ከስኳር ጋር በዚያው ገመድ ይመልሳሉ።

እውነቱን ለመናገር ጽሑፉ ያምራል። ስለዚህም ጠረጠርሁት።

ከሥሩ የአስተያየት ቦታ ነበርና እንደ ልማዴ በሥርዓት ጻፍሁ።

«ለተማሪ ቦንቱ። ጉዳዩ፦ ያላዩትን ስለ መጻፍ። ጎረቤት ከጎረቤት በሚፈራራበት በዚህ ወቅት በስባሪ ላይ ወተት የሚያሻግር ማን ነው? ወደፊት በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ እንድትጽፊ አሳስባለሁ። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለርእሰ መምህሩ ቢሮ።» ስሜንም ከነማዕረጉ አሰፈርሁ።

ትናንት ጠዋት ስመለስ የሄለን ተማሪዎች ኮምፒውተር ክፍሉን ሞልተውታል። ከደብዳቤዬ ሥር መልስ ተቀምጧል።

«ለተከበሩ መምህር። ጉዳዩ፦ ያየሁትን ስለ መጻፌ። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ግንቡ የእርስዎ ነው። ወተቱንም የጠጡት እርስዎ ነዎት። ከሰላምታ ጋር። ግልባጭ፦ ለእማማ አስካለ።»

እማማ አስካለ ሚስቴ ናት።

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ሄለን ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እኔ ኮቴን አንሥቼ ወደ ቤቴ ገሠገሥሁና በቀጥታ ጓሮ ዞርሁ... በዚያ ስባሪውን ራሴ ቆሜ ባስተከልሁት ግንብ ላይ ጆንያ ተነጥፏል!

«አስካለ! ሰሞኑን የምንጠጣው ወተት ከወዴት ነው የሚመጣው?»

«ከላም።»

«ከማን ላም?»

«ከጓሮ ጎረቤታችን ከኦቦ ቱሉ ነዋ! አንተ ሰውዬ፣ መነጽሩን ለጋዜጣ ብቻ ነው እንዴ የገዛኸው? እንዲህ ያለ ወተት ከየት ተገኘ ብለህ እንኳ ሳትጠይቅ ጭልጥ!»

ከግንቡ ማዶ የሽማግሌ ሳቅና የኦሮምኛ ሰላምታ ተሰማ።

«አካም ጂርቱ፣ መምህር! ወተቱ ጣመዎት?»

«ነጋ፣ ኦቦ ቱሉ! ጣመኝ...» አልሁ፤ ሌላ ምን እላለሁ? «ጣመኝ፤ ማን እንደሚልከው ግን አላየሁም ነበር።»

«ምን ቸገረዎት! የልጅ ልጄ አይታልዎታለች።»

ዛሬ ማለዳ ውሳኔዬን በጽሑፍ ለርእሰ መምህሩ አቀረብሁ። «ብሎጉ አይዘጋም። ተማሪዋ ከግንቤ ማዶ ሆና ያየችውን እኔ ከግንቤ ውስጥ ሆኜ አላየሁም። የሚጠይቅ ከመጣ ወደ እኔ ይላክ።»

አንብቦ ሲጨርስ ሳቁ አመለጠው። «ጋሼ፣ ግልባጩ ለእማማ አስካለ ነው?»

«እሷማ ከሁላችን በፊት ዋናው ደርሷታል» አልሁት።

እንግዲህ ቃሌን እዚሁ በጽሑፍ አኖራለሁ። የቆርቆሮ ሳጥኔን ከነቁልፉ ለመምህርት ሄለንና ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቿ አስረክባለሁ። ቦንቱ ድርሰቶቹን እየመረጠች ብሎጉ ላይ ታስፍራቸው፤ የጻፏቸውም ሰዎች ባሉበት ተፈልገው ይነገራቸው። መጀመሪያ የሚለጠፈው የሄለን ድርሰት ይሆናል።

ስድስት ከአሥሯ ግን አትነካም።