ጀርባ የሚሰጡ ተዋንያን

ሪሞቱን ባነሳሁት ቁጥር የተጠቀለለበት ላስቲክ ይንኮሻኮሻል። ዛሬም እሑድ ከሰዓት፣ ቃሊቲ ኮንዶሚኒየም ቤቴ ውስጥ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ኮመዲውን ሩቡ ሳይደርስ ቀየርኩት። ሰውየው ሳይቀልድ የተቀዳው ሳቅ ይቀድመዋል፤ እኔ ደግሞ ታዝዤ መሳቅ አይሆንልኝም። ቀጥሎ ያገኘሁት ድራማ የሰው አገር ነው። አማርኛውን ከላይ ለጥፈውበት አፉ ሌላ፣ ድምፁ ሌላ። "እማማ ይሄን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር?" አልኩ ጮክ ብዬ።

እማማ የምላቸው ጎረቤታችን ነበሩ። አቃቂ፣ ከድሮው የባቡር ሐዲድ ማዶ፣ አንድ ግድግዳ እንጋራ ነበር። ዕድሜያቸውን የፈጁት ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው፤ ጡረታ ሲወጡ ጆሯቸውን እዚያው ትተውት ወጡ። እኔ ያኔ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ሥራ ፈት ነበርኩ። እሑድ ከሰዓት እሳቸው ቤት እገባና ቴሌቪዥኑ የሚለውን እነግራቸዋለሁ። የሰፈር ልጆች "የእማማ ጆሮ" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር። እኔ ግን ደስ ይለኝ ነበር፤ የምፈለግበት ሌላ ቦታ አልነበረኝማ።

ቤታቸው የታጠበ አቡጀዲ ይሸታል። በቆርቆሮው የሚስማር ቀዳዳ የምትገባው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያረፈች የተዋንያኑን ፊት ስለምታጠፋባቸው፣ ድራማው ሳይጀምር ተነስተው ነጠላቸውን ይጋርዱባታል። ጆሯቸው ሥር ገብቼ ስጮህ ደግሞ ይቆጣሉ።

"ኧረ አንቺ ልጅ፣ ከጆሮዬ ላይ ውረጂ! ፊት ለፊት ቁጭ ብለሽ እንደ ሰው ንገሪኝ።"

አስተያየት መስጠት ሲጀምሩ ማንም አይችላቸውም። ኮመዲያኑን አይተው፣ "ራሱ ቀልዶ ራሱ ከሳቀ ለእኛ ምን ተረፈን?" ይላሉ። ሀብታሞቹ ቪላ ውስጥ ቁርስ ሲበሉ፣ "እነዚህ ሰዎች ሥራ የሚገቡት ስንት ሰዓት ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። ከሁሉ የሚያናድዳቸው ግን አንድ ነገር ነበር።

"የዘንድሮ ተዋናይ ጨዋነት አልፈጠረበትም። ለሰው ጀርባ ተሰጥቶ ይወራል እንዴ?"

አንድ ልጃቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ ብሎ በእግር በመኪና ከወጣ ሁለት ክረምት አልፎት ነበር። ከዚያ ወዲህ አልደወለም፣ ያየውም ሰው የለም። ስልኩ ሲጠራ ስለማይሰሙት ቀኑን ሙሉ ጭናቸው ላይ አስቀምጠው መብራቱን ይጠብቃሉ። ስለ ልጁ አንስተን አናውቅም።

የዚያ ሰሞን ድራማ ላይም ልጇ በባሕር የተሰደደባት እናት ነበረች። አንድ እሑድ የልጁ ጓደኛ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ፤ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። "ጀልባዋ ሰጠመች፣ እናቴ። እሱ አልወጣም" አላት። እማማ ወደ እኔ ዞሩ።

"ምን አላት?"

ጭናቸው ላይ ያለውን ስልክ አየሁ። "ልጅሽ ደህና ነው፣ ለፋሲካ ይመጣል" አልኩ።

እናትየዋ ደረቷን እየመታች መሬት ወደቀች።

"ታዲያ ምን ያስጮኻታል?"

"ደስታ ነው፣ እማማ።"

ትንሽ አዩኝ። "እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላት" አሉ።

ውሸት አንዴ ከጀመሩት መመገብ ይፈልጋል። በሚቀጥለው እሑድ ድራማው ላይ ድንኳን ተጥሎ፣ ሁሉም ጥቁር ለብሶ መጣብኝ። "የማን ልቅሶ ነው?" ሲሉኝ "የአጎቱ" አልኩ። "ነፍስ ይማር። ልጁስ?" "መንገድ ላይ ነው።" እንዲህ እያልኩ ያን ልጅ ስንት ሳምንት በሕይወት አቆየሁት። ማታ ማታ እያፈርኩ እተኛ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ ልሰናበታቸው ስሄድ ውሸቴን ልናዘዝ ቆረጥኩ። ከእኔ በኋላ የሚመጣ ሰው እውነቱን ድንገት እንዳይነግራቸው ፈርቼ ነው።

"እማማ፣ ያ የድራማው ልጅ..."

"ሞቷል። መች አጣሁት?"

እሳቸው ሳቁ።

"ማሽኑ ሲጮህ ማን ማንን ይሰማል? ሃያ ስምንት ዓመት በከንፈር ነው ያወራነው። ሐሜቱም፣ መርዶውም፣ የሠርግ ጥሪውም። አንቺን የምፈልግሽ ጀርባቸውን ሲሰጡኝ ብቻ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ዝም አሉ?"

እጄን ያዙኝ። መዳፋቸው እስከዚያን ቀንም ሻካራ ነበር።

"እዚያ ሳየው ይሞታል። አንቺ ስትነግሪኝ ይመጣል። የቱን ልስማ?"

ሁለተኛ ዓመት ሳለሁ አረፉ። እስከ አርባቸው ድረስ ልጃቸው አልመጣም፤ ወሬውም አልመጣም። ሪሞቴን እንደ እሳቸው በላስቲክ የጠቀለልኩት ከዚያ በኋላ ነው። ናፍቀውኛል። ድራማ አይቶ ብቻውን መናደድ ምን ያህል እንደሚያስጠላ የሚያውቀው ብቻውን ያየ ነው።

አሁን ያገራችን ድራማ ጀምሯል። አንዲት እናት በር ከፈተች፣ አንድ ሰው ቆሟል፣ ፊቱ ስክሪኑን ሞላው። ድምፁን አጠፋሁት። ከንፈሩ የሚለውን ለማወቅ ድምፅ አያስፈልገኝም፤ እሳቸው ሳላውቀው አስተምረውኛል።

ጀርባዬን ለቴሌቪዥኑ ሰጥቼ ፊቴን ወደ ባዶው ወንበር አዞርኩ። ከዚያ ሳልጮህ፣ ከንፈሬን አጥርቼ፣

"መንገድ ላይ ነው፣ እማማ" አልኩ።